የአቶ ተክለ ማርያም ጉልበት

መጋቢት ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የአቶ ተክለ ማርያም ግራ ጉልበት መታመም መጀመሩ ለመላው የግቢው ነዋሪ በይፋ ተገለጸ። መግለጫውን የሰጡት የጉልበቱ ባለቤት ራሳቸው ሲሆኑ፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ሚስታቸው ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ልጃቸው አትክልት፣ እንዲሁም ሦስት የጎረቤት ዶሮዎች ተገኝተዋል።

«ጉልበቴ ተነሣ» አሉ አቶ ተክለ ማርያም፣ በአንድ እጃቸው የሻይ ብርጭቆ፣ በሌላው ጉልበታቸውን ይዘው። «ዛሬ ሳይዘንብ አይመሽም። የዓለም፣ ልብሱን ባታሰጪው ይሻላል።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቀና ብለው አዩ። የሰመራ ሰማይ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል። ለወጉ ያህል እንኳ አንዲት ደመና የለችበትም። አንሶላውን ጨመቅ አደረጉና ገመዱ ላይ ዘረጉት። ሰመራ ከገቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያ ጉልበት ምክንያት አንዲት ካልሲ እንኳ ከገመድ አውርደው አያውቁም።

አትክልት ግን ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣችና ጻፈች፦ «መጋቢት 2። ጉልበት። ይዘንባል።» ከዚያ አጥሩ ላይ ወዳስቀመጠችው የወተት ዱቄት ጣሳ ሄዳ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ጣሳው ውስጥ በፕላስተር የተለጠፈ ማስመሪያ አለ። ከማስመሪያው ሌላ ያለው አቧራ ብቻ ነው።

ነገሩ የትምህርት ቤት ሥራ ነበር። የስምንተኛ «ለ» የሳይንስ መምህር እንድሪያስ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው ከፋፈሉና እንዲህ አሏቸው፦ ሽማግሌዎች ዝናብ መምጣቱን የሚያውቁባቸውን ምልክቶች ሰብስቡ፣ አንድ ወር ሙሉ መዝግቡ፣ ትክክል መሆን አለመሆናቸውን ፈትሹ፣ በመጨረሻም ወላጆች ባሉበት አቅርቡ። ከሃያ ይታረማል። አንደኛ የሚወጣው ቡድን ደግሞ ለሳይንስ ዐውደ ርእይ አዋሽ ከተማ ድረስ ይሄዳል። ለአትክልት የደረሰቻት ጓደኛዋ ሰኢዳ ናት። ሰኢዳ ተወልዳ ያደገችው ሰመራና ሎጊያ መካከል ነው። አዋሽን አይታ አታውቅም፣ ባቡር አይታ አታውቅም፣ የወንዙን ትልቅ ገደል አይታ አታውቅም። «እኔ ለሃያው አይደለም» አለች የመጀመሪያው ቀን። «እኔ ለገደሉ ነው።»

አትክልት ለሽማግሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። አባቷ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። የተወለዱት አምባሰል ነው። ዝናብን በሚመለከት እሳቸው የማያውቁት ምልክት አልተፈጠረም። ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ ግድግዳ ከወጣ ይዘንባል። ወፍ ዝቅ ብላ ከበረረች ይዘንባል። ዶሮ አፈር ከታጠበች፣ አህያ ጆሮዋን ካርገበገበች፣ ጨረቃ ዙሪያዋን ቀለበት ከሠራች ይዘንባል። ከሁሉም በላይ ግን የግራ ጉልበታቸው አለ።

ችግሩ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች የተማሩት አምባሰል መሆኑ ነው። ሰመራ ላይ ጉንዳኖቹ ተሸክመው የሚወጡት እንቁላል ሳይሆን አትክልት ሻይ ስትሠራ የበተነችው ስኳር ነበር። አህያዋ የውሃ ጋሪ ስትጎትት ዝንብ አስቸግሯት ነው ጆሮዋን የምታርገበግበው። ዶሮዎቹም ቢሆኑ ይህን ሙቀት አቧራ ውስጥ ገብተው ካልሆነ በምን ይችሉታል? አቶ ተክለ ማርያም ግን ሁሉንም እንደ ማስረጃ አንድ በአንድ ይሰበስባሉ፣ ጉልበታቸውን ያስከትላሉ፣ ፍርድ ይሰጣሉ።

አትክልት ደግሞ ፍርዱን ክፍል ድረስ ትወስደዋለች። በየጠዋቱ መምህር ከመግባቱ በፊት ጥቁር ሰሌዳው ፊት ትቆማለች፣ የሸሚዟን ኮሌታ ታስተካክላለች፣ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ ትጀምራለች፦

«እንደምን አደራችሁ። የጉልበት ዜና ነው። አቶ ተክለ ማርያም ዛሬ ጠዋት በሰጡት መግለጫ፣ በከተማችን ከባድ ዝናብ እንደሚጠበቅ አስታውቀዋል። ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ መሳሳታቸው ተስፋ አላስቆረጣቸውም።»

ስምንተኛ «ለ» በሳቅ ይፈርሳል። ከኋላ የሚቀመጠው ካሊድ ጠረጴዛ ይደበድባል። አንድ ቀን ዜናውን ካላነበበች «ምነው፣ ጉልበቱ ዓመት ፈቃድ ወጣ እንዴ?» ይላታል።

ሰኢዳ ትስቃለች፤ ግን ከሁሉም ቀድማ ታቆማለች።

የሰኢዳ ሽማግሌ ሎጊያ መንገድ ዳር ጥላ ሥር የሚውሉት አያቷ ሀሰን ነበሩ። ሁለቱ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት በባጃጅ ሄደው አነጋገሯቸው። አትክልት ደብተሯን ዘርግታ «አባባ፣ ዝናብ እንደሚመጣ በምን ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ?» አሉ አያት ሀሰን። «ዝናቡ የአላህ ነው። እኔ ምን አውቃለሁ።»

አትክልት ደብተሩን ልትዘጋ ስትል አንድ ግመል ነጂ ከምዕራብ በኩል መጣ። አያት ሀሰን ጠሩት። ሰውየው ቁጭ አለ፣ ሁለቱ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ከዚያ ወሬ ጀመሩ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ከተራራው በኩል መብረቅ አይተሃል፣ የነፋሱ ሽታ ምን ይላል፣ የሰው ግመል አደረ ወይስ ተነሣ። ሰውየው ያየውን አንድም ሳያስቀር፣ ሳይጨምርም፣ በተራ በተራ ነገራቸው። ከእሱ በኋላ ከዲቾቶ የመጣ ሾፌር ለውሃ ቆመ፤ እሱንም እንደዚያው ጠየቁት። ይህ ዳጉ ይባላል። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አይላቀቅም፤ የዋሸ ሰው ደግሞ ሁለተኛ የሚያምነው አያገኝም።

ሾፌሩ ሲሄድ አያት ሀሰን ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ከሦስት ቀን በኋላ ሚሌ ላይ ጎርፍ አለ። እዚህ ጠብ አይልም። ጻፉ።»

ከሦስት ቀን በኋላ ሚሌ ላይ ጎርፍ መጣ። ሰመራ ጠብ አላለም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወሩ ገፋ። አያት ሀሰን አራት ጊዜ ተናግረው አራት ጊዜ ልክ ሆኑ። አቶ ተክለ ማርያም አሥራ ሁለት ጊዜ ተናግረው አሥራ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። መጋቢት አሥራ ሰባት ላይማ ከጉልበታቸው ሌላ እንቁራሪት ሰምተናል ብለው ልዩ መግለጫ ሰጡ። አትክልት ሄዳ ስታጣራ፣ እንቁራሪቶቹ የተሰበሰቡት ቧንቧው ከሚያፈስ የውሃ ቦቴ ሥር ነበር።

መጋቢት ሃያ ስድስት ቀን ጠዋት አቶ ተክለ ማርያም ከአልጋቸው እንደ ወጣት ዘለው ወረዱ። «ዛሬስ ጉልበቴ መኖሩም አይታወቀኝ» አሉ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰመራ በዓመቱ ያልታየ ዝናብ ወረደባት። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ ግን ባጃጆች ቆሙ፣ ሕፃናት ራቁታቸውን ወጡ፣ የወይዘሮ የዓለምወርቅ የነርስ ጋውን ከነገመዱ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጋውኑን አንሥተው፣ እያንጠባጠበ፣ ባላቸው ፊት ይዘው ቆሙ።

አቶ ተክለ ማርያም ያን ቀን ማታ እራት ላይ አንድም ምልክት አልጠቀሱም።

በማግሥቱ «የጉልበት ዜና» ታሪካዊ ሆነ። አትክልት ልዩ እትም አነበበች። ካሊድ ከወንበሩ ወደቀ። በሩ ላይ ቆመው የሰሙት መምህር እንድሪያስ እንኳ ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲመለሱ ግን ኮስተር ብለው «አትክልት፣ አባትሽ ለቅዳሜው ይምጡ» አሉ። «የመረጃው ባለቤት እሳቸው ናቸው። ፊት ወንበር እናስቀምጣቸዋለን።»

ማታ ስትነግራቸው አቶ ተክለ ማርያም ለመሐላ መጽሐፍ ላይ እጃቸውን እንዳስጫኗቸው ሁሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። «መምህሩ ራሳቸው አሉ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ሣጥኑን ከፍተው የሠርጋቸውን ኮት አወጡና ለወይዘሮ የዓለምወርቅ ሰጡ። «ተኩሺልኝ እስቲ። ልጄ የኔን ዕውቀት ልታስተምርበት ነው።»

አትክልት እራቷን መጨረስ አቃታት።

«ሼም ነው» አለቻት ሰኢዳ በማግሥቱ፣ ከትምህርት ቤት ሲወጡ። «ሙድ ስትይዢባቸው ከርመሽ ፊት ወንበር አስቀምጠሽ ከአሥራ ምናምን ዜሮ ልትይ ነው?»

«ዛሬ ጠዋትም ጉልበቴ ተነሣ ብለዋል። አሥራ ሦስት ሆነ።»

«ወላሂ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

ሰኢዳ እስከ ግቢው ድረስ አብራት መጣች። አትክልት ወደ ሱቅ ተልካ ስትመለስ ግን ጣሳው ውስጥ እስከ ማስመሪያው ሁለተኛ መስመር ድረስ ውሃ አገኘች። ሰኢዳ ደግሞ አጥሩን ተደግፋ የማይመለከታት ሰው መስላ ጥፍሯን ታያለች።

«ዘነበ» አለች ሰኢዳ።

«የት?»

«ጣሳው ላይ። አንድ ቀን ብቻ አቦ። ከአሥራ ሦስት አንድ መምታት ለሰው ይበዛበታል?»

አትክልት ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘችው። አንድ መስመር ብቻ መጻፍ ነው፤ «መጋቢት 28፣ ሰመራ፣ ዘንቧል»። የአባቷ ኮት ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ብዕሯን እንዳወጣች አቶ ተክለ ማርያም ከሥራ ገቡ። ጣሳውን አዩ፣ ተቀበሏት፣ አሸተቱት።

«ይኼ ዝናብ አይደለም» አሉ።

«በምን አወቅህ አባዬ?»

«አረፋ ያለው ዝናብ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።» ሰኢዳ ውሃውን የቀዳችው ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ነበር። አቶ ተክለ ማርያም ጣሳውን ደፉት፣ ውስጡን በሸሚዛቸው ጫፍ አደራርቀው አጥሩ ላይ መልሰው አስቀመጡት። ሰኢዳን ቀና ብለው አላዩአትም፤ ማን እንዳደረገውም አልጠየቁም። «ካልዘነበ አልዘነበም ነው፣ ልጄ። ዝናብ በእጅ አይሠራም።»

አትክልት አንድ ወር ሙሉ አፏ ላይ የነበረውን ጥያቄ ያን ጊዜ ለቀቀችው።

«ታዲያ አሥራ ሦስት ጊዜ ስትናገር አልዘነበም። ታውቃለህ አይደል? አንድም ቀን። እያወቅህ ለምን ትላለህ?»

አቶ ተክለ ማርያም ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«አልናገርም።»

«ለምን?»

«ጉዳዩ የጉልበት ነዋ» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ሰኢዳ በሩን እያየች ቆየች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች በመጨረሻ። «አያቴ ሳይጠይቅ አንድ ቃል አይናገርም። አባትሽ ማንን ነው የሚጠይቁት?»

«ጉልበታቸውን።»

«ባክሽ። ሰው ከመሬት ተነሥቶ አይናገርም። ማንን ነው?»

አትክልት ይህን ጥያቄ ይዛ ተኛች፤ ይዛውም ነቃች። መጋቢት ሠላሳ የመዝገቡ የመጨረሻ ቀን ስለነበር ገና ወገግ ሲል ጣሳውን ልታይ ወጣች። የአባቷን ድምፅ የሰማችው ያኔ ነው። ከትልቁ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ጀርባ ነበር የሚመጣው። እዚያ ድንጋይ ላይ ከቆሙ በግቢው ውስጥ ካለው ሁሉ የተሻለ ኔትወርክ ይገኛል።

«ሌሊቱን ሙሉ?» ይላሉ አቶ ተክለ ማርያም። «ኧረ? የታችኛው ጅረትስ ጮኸ? ... አሁንም አላባራም? አዲሴ፣ እስቲ ስልኩን ወደ ጣራው ከፍ አድርገሽ ያዢልኝ። እ... እንደሱ። እንደያዝሽው ቆዪ።»

አዲሴ የሚሏት አምባሰል ያለችው እኅታቸው አዲስአለም ናት። አትክልት በሮቶው ጎን አንገቷን አሰገገች። አባቷ ድንጋዩ ላይ ቆመው፣ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አጥብቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አይናገሩም። የአንዲት ቆርቆሮ ቤት ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ በስልክ እየሰሙ ነው። በዙሪያቸው የሰመራ ሙቀት ከጠዋቱ መጨስ ጀምሯል፣ ከአስፋልቱ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ተሳቢ መኪና ያጓራል፣ እሳቸው ግን ነፃ ጆሮአቸውን በመዳፋቸው ደፍነውታል። አራት ደቂቃ፣ ምናልባትም አምስት፣ እንደዚያ ቆዩ።

ከዚያ «በይ እግዜር ይስጥሽ» አሉና ስልኩን ዘጉ። ከድንጋዩ ዘለው ወረዱ። እስከ ቤቱ ጥግ ድረስ ፈጠን ፈጠን ብለው ተራመዱ። ጥጉን ከመታጠፋቸው በፊት ቆም አሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ግራ እግራቸውን ጎተት አደረጉ።

«የዓለም» ሲሉ ተሰማ ከፊት ለፊት። «ጉልበቴ ተነሣ። ልብሱን ባታሰጪው ይሻላል።»

አትክልት ጣሳውን ሳታይ ብዙ ቆመች።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች በእናቷ ስልክ ለአክስቷ ደወለች።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ጤና ነው?» አለች አክስቷ ገና ከማንሣቷ።

«ጤና ነው፣ እታባ። ባለፈው ወር መቼ መቼ እንደዘነበ ልጠይቅሽ ነበር። ለትምህርት ነው።»

«እንዲያ በይኝ። ጻፊ እንግዲህ። የልደታ ማታ ጀምሮ ሲያወርደው አደረ። ከዚያ የአቦ፣ ከዚያ በሥላሴ፣ ከዚያ የመስቀል ማታ። ሚካኤልንም ጥሏል፤ ደጀ ሰላሙ ድረስ በስብሰን ነው የገባን...» አክስቷ ወሩን በቁጥር አታውቀውም፤ የምታውቀው በታቦት ነው። አትክልት ከግድግዳው ካላንደር ጋር እያስተያየች ወደ ቀን ለወጠችው። ልደታ አንድ ነው፤ ማታ ከዘነበ ለሁለት አጥቢያ መሆኑ ነው። መጋቢት ሁለት፣ ጉልበት። አቦ አምስት፣ ለስድስት አጥቢያ። መጋቢት ስድስት፣ ጉልበት። ጣቷን በካላንደሩ ላይ እስከ አሥራ ሰባት አወረደች።

«የኪዳነ ምሕረትስ ማታ? ለአሥራ ሰባት አጥቢያ?»

«የለም፣ ያን ለት ደረቅ ነው ያደረ። ለአባትሽም አልደወልኩለትም።»

ያ የእንቁራሪቶቹ ቀን ነበር።

«ሁልጊዜ ትደውይለታለሽ?»

«ሲዘንብ ብቻ ነዋ። አደራ ብሎኛል። ሰመራ ሥራ ከያዘ ጀምሮ እንዲያው ነን። ሳይዘንብ ከደወልኩማ "ማን ሞተ?" ነው የሚለኝ። በይ አትንገሪው ልጄ፤ ይሄን ለሰው አይወድም።»

ዓርብ ዕለት ሁለቱ ጓደኛሞች በትልቅ ካርቶን ላይ ሠንጠረዡን ሠሩ። አትክልት በትንሽ ወረቀት ላይ ማብራሪያውን ጻፈች፤ ስድስት መስመር ሆነ። ስልኩ፣ ሮቶው፣ ጣራው፣ ሁሉም አለበት። ለሰኢዳ አነበበችላት።

ሰኢዳ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። «ይሄ አንደኛ ይወጣል» አለች። «ይሄ ዳጉ ነው እኮ፤ አባትሽ ዳጉ ነው የሚሠሩት። ቲቸር ያብዳሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ክፍሉም ዝም ይላል። ካሊድ ራሱ ያለቅሳል።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።» አትክልት ወረቀቱን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው። «ከሮቶው ጀርባ ተደብቀው ነው የሚያወሩት፣ ሰኢዳ። ለእማዬ እንኳ አልነገሯትም።»

ሰኢዳ የካርቶኑን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀች። ገደሉም ባቡሩም በዓይኗ ላይ አለፉ መሰለ።

«እንደፈለግሽ» አለች። «አዋሽ እንደሆነ የትም አይሄድም። ወንዙ እንኳ ባሕር አልደረሰም።»

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በወላጅ ተሞላ። ሁለት ቬንትሌተር ነበረ፤ የሚሠራው አንዱ ነው። አቶ ተክለ ማርያም ፊት ወንበር ላይ በሠርጋቸው ኮት ተቀምጠዋል፤ ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል፤ ቁልፉን ግን አንዱንም አልፈቱም። ከጎናቸው አያት ሀሰን ነበሩ። ገና ከመቀመጣቸው «ከየት ነህ? ምን አየህ?» ብለው ጠይቀዋቸው፣ አቶ ተክለ ማርያም ስለ አምባሰል ዘር ወቅት ሲነግሯቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙ ነበር።

ሰኢዳ የአያቷን ክፍል አቀረበች። አራት ከአራት። ተጨበጨበ። ከዚያ አትክልት ተነሣች። ከኋላ የካሊድ ወፍራም ድምፅ መጣ፦ «እንደምን አደራችሁ፣ የጉልበት ዜና ነው።»

ስምንተኛ «ለ» በአንድ ጊዜ ፈነዳ። አቶ ተክለ ማርያም ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ። ነገሩ አልገባቸውም፤ ሁሉም ሲስቅ እሳቸውም ለመሳቅ ሞከሩ። ከዚያ ዞረው አትክልትን ሲያዩአት፣ ፈገግታው ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲሟሽሽ አየችው። ገባቸው።

«ዜናው የኔ ነው» አለች አትክልት። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ቀጠነባት። «አንድ ወር ሙሉ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዛሬ መጨረሻው ስለሆነ በደንብ አድምጡ። አባቴ አሥራ አራት ጊዜ ይዘንባል አሉ። ሰመራ ላይ በእነዚህ ቀኖች የዘነበው ዜሮ ጊዜ ነው።»

ሳቁ ተመለሰ፤ አሁን ወላጆችም ገቡበት። የአቶ ተክለ ማርያም እጅ ወደ ግራ ጉልበታቸው ሄደና ጨበጠው።

የካርቶኑ ቀኝ ጠርዝ ወደ ኋላ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር። አትክልት መርፌ ቁልፉን ነቀለችው፤ ሦስተኛው ዐምድ ተዘረጋ።

«ይህ አምባሰል ነው» አለች። «አባቴ የተወለዱበት አገር። መረጃውን ያገኘሁት እዚያ ከምትኖረው አክስቴ ነው። ከአሥራ አራቱ ቀኖች በአሥራ ሦስቱ አምባሰል ዘንቧል።»

ሳቁ እየተንጠባጠበ ቆመ። የሚሠራው ቬንትሌተር ብቻ ይሰማ ነበር። አያት ሀሰን ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ኮት የለበሰ ሰው አዩ፣ ከዚያ ከዘራቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ ነካ አደረጉ።

መምህር እንድሪያስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አሥራ ሦስት ከአሥራ አራት» አሉ። «ይኼ አጋጣሚ አይሆንም። ሰመራ ያለ ጉልበት አምባሰል የዘነበውን በምን ያውቃል? ማብራሪያው የታለ?»

ማብራሪያው ያለበት ወረቀት በአትክልት መዳፍ ውስጥ ነበር። በላብ ረጥቧል። ወደ ሰኢዳ አየች፤ ሰኢዳ ጣራውን ታያለች። ወደ አባቷ አየች። አቶ ተክለ ማርያም አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ፣ ጉልበታቸውን የጨበጠው እጅ ጅማቱ ተገትሯል፣ ትንፋሻቸውን እንደያዙ ናቸው።

ወረቀቱን አራት አጠፈችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ማብራሪያ አምስት ማርክ አለው፣ አትክልት» አሉ መምህሩ፣ አሁን ለስለስ ብለው።

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«አዋሽ የሚሄደውም ቡድን ማብራሪያ ያለው ነው። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ ወይስ አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ።»

«እና?»

አቶ ተክለ ማርያም ቀና አሉ።

«አልናገርም» አለች አትክልት። «ጉዳዩ የጉልበት ነው።»